የመንደር ሥጋ ቤት የአሳማ ቋሊማ፦ ከ10 ስንት ትሰጣላችሁ?

ሰላም ለሁላችሁ። ጀርመን ከገባሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የምኖረው ኮቡርግ አጠገብ ነው፤ ሰሜን ባቫርያ፣ ፍራንክን የሚሉት አገር። እኔ አሳማ እበላለሁ። የማይበላ ካለ ርዕሱ ላይ በግልጽ ጽፌዋለሁና እንዳይቀየመኝ።

አማቼ ሐሙስ ሐሙስ ከቤታችን ሃያ ደቂቃ ወደሚርቅ መንደር ይዘውኝ ይሄዳሉ። እዚያ አንድ ሥጋ ቤት አለ። አባትየው ያርዳሉ፣ ይፈጫሉ፣ ይሞላሉ፤ ሚስትየው ይሸጣሉ። አንድ ተለማማጅ ልጅም አላቸው። ባለፈው ሐሙስ አራት ዓይነት ቋሊማ ገዝቼ ቤት ወስጄ ቀመስኩና ነጥብ ሰጠሁ።

የኮቡርግ ብራትቩርስት፣ ማለትም በእሳት የሚጠበሰው ቋሊማ፣ 9። ረጅም ስለሆነ ከዳቦው በሁለቱም ጎን ይተርፋል። የሚጠበሰው በደረቀ የጥድ ፍሬ እሳት ላይ ነው፤ ጭሱ ሙጫ ሙጫ ይላል። ውስጡ ገውዝና የሎሚ ልጣጭ አለው። ሥጋው ንጹህ አሳማ ነው። በጭስ የሚደርቀውና የአገሩ ሰው «ባወርንዞይፍጸር» የሚለው፣ የገበሬ ኡፍታ እንደማለት፣ 8። የጉበቱ ቋሊማ 6፤ ዳቦ ላይ አልቀባ ብሎ ታገለኝ። የደሙ 4። መጥበሻ ላይ ፈንድቶ ግድግዳውን አበላሸብኝ።

አማቼን እርስዎስ ስንት ይሰጣሉ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ፓስት ሾ» አሉኝና መብላታቸውን ቀጠሉ። ደህና ነው፣ ይሆናል እንደማለት ነው። የፍራንክን ሰው ከዚህ በላይ ሲያመሰግን ሰምቼ አላውቅም።

የኔ አቋም ሱፐርማርኬት ታሽጎ የሚሸጠው ከዚህ ጋር ለውድድርም አይቀርብም የሚል ነው። እናንተ ያላችሁበት አገር ከዚህ የሚበልጥ አለ?

(ዘግይቶ የተጨመረ፦ ክሩ፣ ይኸው ውይይት፣ ስለረዘመና ከመሃሉ ገብተው ግራ የተጋቡ ስለበዙ መልሶቹን በራሴ ቃል አሳጥሬ ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። የማንንም ጽሑፍ እንዳለ አልገለበጥኩም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

መልስ 1 የመጣው ከኑርንበርግ ነው። ሰላምታው ብቻ አራት መስመር ነበር። የኔን 9 አልነካውም፤ የነሱን ትንንሾች ሳልቀምስ ነጥብ ማደሌ ግን አልተዋጠለትም። ከ7 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር፣ ከ20 እስከ 25 ግራም፤ ጣት የምታክል ነገር ናት። ማዮራን የሚባል ቅጠል ገብቶባት በቀጭን የበግ አንጀት ትሞላለች። ስሟ ከ2003 ጀምሮ በአውሮፓ ሕግ የተጠበቀ ነው፤ ከኑርንበርግ ከተማ ውጭ ተሠርታ በዚያ ስም አትሸጥም። ወጉ ሦስቱን በአንድ ዳቦ አስከትቶ ቆሞ መብላት ነው። ተቀምጦ ያዘዘ ሰው ደግሞ ስድስት፣ ስምንት፣ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ይቀርብለታል። ሰባት ለምን እንደማይሆን ለሱም እስከ ዛሬ አልገባውም።

መልስ 2 አንድ መስመር ብቻ ነው። የለጠፍኩት ረቡዕ ጠዋት መሆኑን አስታወሰኝ። ቀኑን ሳላይ ነው፤ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

መልስ 3 ላይ ነገሩ ሞቀ። ከኮቡርግ በስተሰሜን ባለው በጎረቤቱ ክፍለ ሀገር፣ ቱሪንገን ውስጥ የሚኖር ሰው ነው፤ ሎሚ ለኬክ እንጂ ለሥጋ አይሆንም ባይ ነው። እነሱ ዘንድ ማዮራን፣ ኩሜልና ነጭ ሽንኩርት ነው የሚገባበት። (ኩሜል ከሙን የሚመስል ግን ሌላ ሽታ ያለው ቅመም ነው።) ከዚያ ታሪክ አመጣ። በ1404 አርንሽታት በምትባል የቱሪንገን ከተማ የሚገኝ የሴቶች ገዳም የሒሳብ መዝገብ ላይ ለብራትቩርስት አንጀት መግዣ የወጣ ገንዘብ ተጽፏል፤ ስለዚህ ሌላው ሁሉ ተማሪ ነው አለ። አልበቃውም። ኮቡርግ ራሷ እስከ 1920 የባቫርያ ስላልነበረች የሰጠሁት 9 ለቱሪንገን ይቆጠርልን አለ።

መልስ 4 ሁለታችንንም አረመ። ለመልስ 3፦ ኮቡርግ ባቫርያን የተቀላቀለችው በ1920 መሆኑ ልክ ነው፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት በ1919 መጨረሻ ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ቱሪንገንን እምቢ ብሏል። ፍቺውን ፈርማ የሄደችን ሴት አሁንም ሚስቴ እንደማለት ነው አለው። ለኔ ደግሞ፦ የኮቡርጉ ንጹህ አሳማ አይደለም፤ የበሬ ሥጋ ይገባበታል፣ ለማያያዣም ጥሬ እንቁላል ይመታበታል። በሚቀጥለው ሐሙስ ሥጋ ቤቱን ጠየቅኩ። እውነቱን ነው። ከላይ የጻፍኩትን አላጠፋሁትም፤ ስህተቴ ይታይ ብዬ ነው።

ከ5 እስከ 7 ያሉት ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ገቡ። መጀመሪያ የመጣው ተቆጥቷል። ዘሌዋውያን 11ን ጠቅሶ፣ ሰኮናው የተሰነጠቀ ሆኖ የማያመሰኳ እንስሳ የተከለከለ መሆኑን ጽፎ፣ ይህን በአማርኛ ማውራት ራሱ ምን አመጣው ሲል ጠየቀ። ቀጣዩ ረጋ ያለ ነበር። እሱም አይበላም፤ ግን የጎረቤቱን ማዕድ ማወቅ ኃጢአት ነው ብሎ አያምንም። ሦስተኛዋ ጴንጤ ነኝ ብላ ጀመረች። አሳማ ትበላለች፤ የደሙን ቋሊማ ግን በፍጹም። የሐዋርያት ሥራ 15፥29 ከአሕዛብ ለሚያምኑት ሳይቀር ከደም ራቁ ይላልና። ተቆጥቶ የመጣው ሰው በዚህ ተስማማ። የኔ 4 ሃይማኖታዊ ድጋፍ ያገኘው በዚህ መንገድ ነው። እኔ የሰጠሁት በግድግዳው ተናድጄ ነበር።

መልስ 8 ሐረር የተወለደች ሴት ናት። ስሙን ነው የተከራከረችው። ቋሊማ ለፈረንጁ ነገር የወጣ ትርጉም ሳይሆን የራሱ ምግብ ነው አለች። እናቷ የበሬ ሥጋ በደቃቁ ከትፈው በቀይ ሽንኩርት፣ በበርበሬ፣ በኮረሪማ፣ በዝንጅብል፣ በቀረፋና በእርድ አሽተው አንጀት ውስጥ ይሞሉታል፤ ከዚያ ጭስ በሚደርስበት ከፍ አድርገው ይሰቅሉታል። ልጆቹ ከሥር ተቀምጠው እስኪደርቅ ይጠብቃሉ። እሷ አንድ ቀን በርጩማ ላይ ቆማ ጫፉን በጥርሷ ቀነጠበች። ማታ እናቷ የጥርሱን ምልክት አይተው የአራቱንም ልጆች አፍ አስከፍተው አመሳከሩ። ስለዚህ የጀርመኑን «ቩርስት» ብላችሁ ጥሩት፤ ቋሊማን ለኛ ተዉልን ነው የምትለው። አልተስማማሁም፤ ሌላ አማርኛ ከየት ላምጣ? ታሪኩ ግን ክሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ ቆንጆው ነው።

ከ9 እስከ 12 ስለ ማባያ ነበር። አንዱ ብራትቩርስቱን በአዋዜ እንደሚበላ ጻፈ፤ ሁለተኛው ሚጥሚጣ ይሻላል አለ። የቱሪንገኑ ሰውዬ ከሰናፍጭ ሌላ ነገር የሚያደርግ ሰው እጁን ይታጠብና ይነሳ ብሎ ተመለሰ። የአዋዜው ባለቤት ክትፎን በሹካ የሚበላ ሰው ስለ ወግ ባያወራ ይሻላል አለው። በሹካ መብላቱን ከየት እንዳወቀ እንጃ። የሚተዋወቁ ይመስለኛል።

13 እና 14 ከሥጋው አስወጡን፤ ግን ያልሰማ ይስማው። ኮቡርግ ማዘጋጃ ቤት ጣሪያ ጫፍ ላይ አንድ ሐውልት አለ፤ የከተማዋ ጠባቂ ቅዱስ ማውሪቲዩስ ነው። በእጁ የጦር አለቃ በትር ይዟል፤ የከተማው ሰው ግን በትሩ የብራትቩርስት ልክ መለኪያ ነው እያለ ይቀልዳል። ማውሪቲዩስ በትውፊቱ ከግብፅ ቴብስ የመጣ የጦር መሪ ነው። የከተማዋ አርማ ላይ ያለው የጥቁር ሰው ራስም የሱ ነው። 13 በዚህ በጣም ኮራ። 14 ደግሞ ተናደደች፦ ወፍራም ከንፈርና የወርቅ ጉትቻ አድርጎ የተሳለ ራስ ክብር ነው ወይስ ስድብ? በ2020 አርማው ይቀየር ተብሎ ፊርማ መሰብሰቡንም አስታወሰች። 13 መልሶ፣ ናዚዎች በ1934 አንስተውት በምትኩ ሰይፍና ስዋስቲካ እንዳደረጉ፣ ከጦርነቱ በኋላ እንደተመለሰ ጻፈ፤ እነሱ የጠሉትን እኛ ለምን እንጠላዋለን ነው ነገሩ። እኔ በየቀኑ በሥሩ አልፋለሁ። የውሃ ጉድጓድ ክዳን ላይ ሳይቀር አለ። አንዳንድ ቀን ያኮራኛል፣ አንዳንድ ቀን ፊቴን አዙሬ አልፋለሁ።

መልስ 15ን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። የጻፉት እናት ኦርቶዶክስ ናቸው፤ በሕይወታቸው አሳማ ቀምሰው አያውቁም። ግን አንድ የመንደር ሥጋ ቤት ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ሠርተዋል፤ መጀመሪያ ጽዳት፣ ቀጥሎ ጓዳ ገብተው አንጀት ማዘጋጀት፣ በመጨረሻ ባንኮኒ። አሁን ጡረታ ላይ ናቸው።

አንጀቱ በጨው ተቀምሞ በባልዲ ይመጣል። ይታጠብና ለብ ባለ ውሃ ይዘፈዘፋል። ከዚያ አንዱን ጫፍ ቧንቧ አፍ ላይ አጥልቆ ውሃ መልቀቅ ነው። ውሃው ሲገባበት ገንዳው ውስጥ እንደ እባብ ይጥመለመላል፤ ቀዳዳ ካለው በዚያ በኩል ፊጭ ይላል፣ እዚያው ላይ ይቆረጣል። መጀመሪያ ሰሞን ሌሊት በሕልማቸው ይመጣባቸው ነበር። የበጉ ስስ ነው፣ ጥርስ ሲያርፍበት ቀጭ ይላል። የአሳማው ወፈር ያለ ነው። ሥጋው ሲፈጭ መሞቅ የለበትም፤ ከሞቀ ስቡ ይቀልጥና ከሥጋው ይለያያል፤ ስለዚህ ደቃቁን ዓይነት ሲሠሩ በረዶ ይጨምሩበታል። ትኩሱ ብራትቩርስት ተጠብሶ ሲቆረጥ ውስጡ ግራጫ ከሆነ ጥሩ ነው። ቀይ ሆኖ ከቀረ ናይትራይት ያለበት ጨው ገብቶበታል ማለት ነው፤ ያ ጨው ለሚጨሰውና ለሚቀቀለው እንጂ እሳት ላይ ለሚጠበሰው አይደለም።

የእርድ ዕለት ደጃፉ ላይ ወንበር ያወጡና ነጭ ሽርጥ ያንጠለጥሉበታል። ያንን ያየ የመንደሩ ሰው የወተት ጣሳውን ይዞ ይሰለፋል፤ ቋሊማው የተቀቀለበትን ትኩስ መረቅ ለመውሰድ። እሳቸው በጭልፋ ይቀዱ ነበር። ማዮራኑ የበዛበትን ቀን በእንፋሎቱ ያውቁት ነበር። ባለቤቱ ሲሳሳት መጀመሪያ የሚነግሩት እሳቸው ነበሩ፤ እሱም ቀምሶ ያረጋግጣል።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። የጉበቱን ከፍሪጅ እንዳወጣሁ በልቼው እንደሆነ ጠየቁኝ። እንደዚያ ከሆነ 6ቱ የፍሪጁ ነጥብ ነው። ስብ ሲቀዘቅዝ ሽታውን ይቋጥራል፤ ከአንድ ሰዓት በፊት ወጥቶ መቀመጥ ነበረበት። የደሙ ቀድሞ የተቀቀለ ስለሆነ በኃይለኛ እሳት ከተመታ መፈንዳቱ አይቀርም፤ በለሆሳስ ይሞቃል፣ ወይም ቀዝቃዛው ተቆርጦ ከዳቦ ጋር ይበላል። ግድግዳዬን ያበላሸሁት እኔው ነኝ ማለታቸው ነው፤ በጨዋ ቋንቋ።

መልስ 16 የወተት ጣሳው ሰልፍ ቅርጫን አስታወሰው። ሥጋው ኮባ ቅጠል ላይ በመደብ በመደብ ሲደለደል፣ ዕጣ ሲወጣ፣ አንዱ ሁልጊዜ የኔ መደብ አነሰ ሲል። እዚህ ሦስት ሰው ስለዚያ ብቻ ተጨዋወተ፤ ዘልዬዋለሁ።

መልስ 17 የክሩ መጥፎ መልስ ነው። ያልቀመሰ ሰው ስለ ጣዕም የመናገር መብት የለውም አለ። ሐሳቡ መጥፎ ላይሆን ይችላል። አነጋገሩ ግን፣ እናት የሚሆኑትን ሴትዮ በአንቺ እየጠራ፣ ዓይነ ስውር ስለ ቀለም እንደማስተማር ነው ብሎ ነበር የጻፈው።

መልስ 18 በደንብ መለሰችለት። ስድብ የለበትም። የእናቷን የፋሲካ ዋዜማ ብቻ ነው የጻፈችው። ቅዳሜ ጠዋት ሽንኩርት መክተፍ ይጀመራል። ዶሮው በሎሚና በጨው ይታጠባል፤ አሥራ ሁለቱ ብልት ተቆጥሮ ይገባል። ቤተሰቡ ሁሉ ሃምሳ አምስት ቀን ጾሟል፤ እናትየው ከሁሉም አክርረው። አንዲት ጠብታ ምላሳቸውን አትነካም። ክዳኑን ከፈት ያደርጉና እንፋሎቱን በመዳፋቸው ወደ አፍንጫቸው ይስባሉ፤ ትንሽ ይቆያሉ፤ ጨው አንሶታል ይላሉ፣ ይጨምራሉ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ወጡ ልክ ሆኖ ይገኛል። በየዓመቱ። የአንተስ እናት ስትቀምስ አይተሃታል ወይ ብላ ጠይቃው ወጣች።

17 ከሁለት ቀን በኋላ ተመለሰ። ስለ አንቺው ይቅርታ ጠየቀ። ስለ ሐሳቡ አልጠየቀም፤ ጨውና ጣዕም ይለያያሉ ብሎ ቆመ። ልክ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ቀምሼ የሰጠሁት ነጥብ ሁለቱ ላይ ስህተት ሆኖ፣ ሳይቀምሱ የነገሩኝ ትክክል ነበሩ።

ከ19 እስከ 22 ኑርንበርግ ውስጥ ጥሩ እንጀራ የት ይገኛል የሚል ነበር። ሌላ ክር ክፈቱ ብዬ ለመንኩ። የሰማኝ የለም።

መልስ 23 ከምር የተጠየቀ ጥያቄ ነው። አንድ ወጣት ከአዲስ አበባ፣ የሥጋ ቤት ሙያ ሥልጠና ጀርመን ውስጥ ተለማማጅ ያጣል ሲባል ሰምቶ፣ አሳማ ሳይነኩ መማር ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። ሥልጠናው ሦስት ዓመት ነው። መልስ 24 ቀልደኛ መስሎት አላገጠበት። 15ኛዋ እናት ግን ቁም ነገር ነገሩት። ከንጋት በፊት መነሳት አለ፤ ብርድ አለ፤ ቢላዋ አለ፤ አሳማን ሳይነኩ ፍራንክን ውስጥ ያንን ሙያ መማር ከባድ ነው። መንካት ሌላ መብላት ሌላ ነው ብለው ከንስሐ አባታቸው ጋር የተነጋገሩትንም ጻፉለት። የመንደር ሥጋ ቤቶች የሚረከባቸው ልጅ አጥተው ሲዘጉ እሳቸው ራሳቸው ሁለቱን አይተዋል። ልጁ በውስጥ መስመር እጽፍልዎታለሁ ብሏል።

አሁን የኔ ነገር። በሚቀጥለው ሐሙስ እንደገና ገዛሁ። የጉበቱን ከአንድ ሰዓት በፊት አውጥቼ ሳህን ላይ ተውኩት። ጠርዙ ላብ ሲያወጣ፣ ቤቱ ማዮራን ማዮራን ሲል ታወቀኝ። ዳቦው ላይ እንደ ቅቤ ተቀባ። 6 የነበረው 8 ሆኗል። የደሙን ቀዝቃዛውን ቆርጬ በሰናፍጭ በላሁት፤ ከ4 ወደ 5። ከዚያ በላይ አልችልም፤ የጴንጤዋ እህት ጥቅስ ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ነው መሰለኝ።

ብራትቩርስቱን ከመጥበሴ በፊት ለሁለት ከፍዬ ፎቶ አንስቼ 15ኛዋ እናት ስንት እንደሚሰጡት ጠየቅኳቸው። ነጥብ አይሰጡም። ግን ፎቶውን አጉልተው አይተዋል። ከመሃሉ ወደ ግራ ባቄላ የምታክል የአየር ቀዳዳ አለች፤ አንጀቱ ሲሞላ እጅ ቸኩሏል፣ ሥጋው በደንብ ሳይጠቀጠቅ ነው የገባው አሉ። ሠሪው አባትየው እንደማይሆኑም ጠረጠሩ።

ፎቶውን ሐሙስ ዕለት ወሰድኩት። አማቼ አታሳይ፣ ይቀየማሉ ብለውኝ ነበር። ባለ ሥጋ ቤቱ አባትየው እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ስልኬን ተቀበሉኝ፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስክሪኑን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ምንም አላሉኝም። ስልኩን እንደያዙ ወደ ጓዳ ዞረው ተለማማጁን ጠሩት።